የተገላበጡት አራት ነጥቦች

በዶክትሬት ጽሑፌ ውስጥ ፈታኞቹ አብልጠው ያመሰገኑት ገጽ ስህተት ነው። ለተማሪዎቼ "ዋናውን ነገር አትደብቁ፣ ከላይ ጻፉት" እያልኩ ስለማስተምር እኔም ከላይ ጻፍኩት። ለራሴ ሲሆን ግን እዚህ ለመድረስ ወራት ፈጅቶብኛል።

ገጹ ላይ አራት ነጥቦች አሉ። ነጥቦቹ የምን እንደሆኑ ሳላስረዳ ብቀጥል የሚከተለው አይገባም።

ጋዝ እጅግ ኃይለኛ በሆነ የሌዘር ብርሃን ሲመታ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው ይላቀቃሉ። እንዲህ የሆነ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። የብርሃኑ ምት በፕላዝማው ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹን እየገፋ ይሄዳል፤ እነሱም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ቦታቸውን አልፈው ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። ጣና ላይ ታንኳ ካለፈች በኋላ ውሃው ከኋላዋ እንደሚናወጠው ነው። ይህ የፕላዝማ ሞገድ ነው። ከፍጥነቱ የተነሳ ዓይን ቀርቶ ካሜራም አይደርስበትም። ስለዚህ በብርሃን እንለካዋለን። እጅግ አጫጭር የሆኑ ሁለት መንትያ የብርሃን ምቶች እንልካለን፤ አንዱን ከኃይለኛው ምት በፊት፣ ሌላውን ከኋላው። የፊተኛው ምንም ሳይነካው ያልፋል። የኋለኛው በሞገዱ መካከል ስለሚያልፍ በጥቂቱ ይዛነፋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱን አገናኝተን ብርሃናቸውን በየቀለሙ ስንዘረዝረው ጥቁርና ብሩህ መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ከቦታቸው ምን ያህል እንደተንሸራተቱ አይተን ሞገዱ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ እናውቃለን።

እንዲህ ያለ ሌዘር እኔ ባለሁበት ጎንደር የለም። ውጭ አገር ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ለአንድ ክረምት ተቀበለኝና እዚያ ለካሁ። ፋይሎቹን በቦርሳዬ ይዤ ተመለስኩ፤ አዘዞ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሳይኖር ኮምፒውተሩ ባትሪ እስኪጨርስ፣ ሁለት ዓመት ተነተንኳቸው። አራቱ ነጥቦች ከዚያ የመጡ ናቸው። ሁለቱ በስስ ጋዝ፣ ሁለቱ በጥቅጥቅ ጋዝ የተለኩ ናቸው። እኛ በሠራንበት ልክ ጋዙ ጥቅጥቅ ሲል ሞገዱ ማደግ ነበረበት። የኔ ግን አነሰ። ለምን እንዳነሰ ሃያ ገጽ ጻፍኩ። ፈታኞቹ የወደዱት እሱን ነው።

ጽሑፌ ያለፈ ሰሞን ቤተሰቦቼ ማክሰኝት ላይ ትንሽ ድግስ ደገሱልኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም መጡ፤ አያ ብዬ የምጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማክሰኝት ገበያ ከብት ሲያሻሽጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ዶክተር ሆነ አሉኝ" አሉ። "የኔን ጉልበት የማይነካ ዶክተር ምን ይሠራል?"

"ብርሃን ይለካል፣ አያ።"

"እስቲ ቁጭ በልና ንገረኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።"

ነገርኳቸው። "ሁለት መንትያ ወንድማማቾች አሉ እንበል። ሁለቱም የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። በአቧራ መንገድ ላይ አንድ ማኪና ያልፋል፤ ከመፍጠኑ የተነሳ ማንም አያየውም። አንደኛው ወንድም ማኪናው ሳይመጣ መንገዱን ይሻገራል። ሁለተኛው ማኪናው እንዳለፈ ይሻገራል። እኔ ማዶ ቆሜ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምና ጋቢያቸውን አስተያያለሁ። ሁለተኛው ጋቢ ላይ ካለው አቧራ ማኪናው ምን ያህል እንዳስነሳ አውቃለሁ።"

"ሸጋ። ሲነሱ ግን ሁለቱም ንጹሕ እንደነበሩ ማን አየ?"

ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቼ መካከል የጠየቀኝ አልነበረም። "ማኪናው በሌለበት አስቀድመን አንዴ እናሻግራቸዋለን፣ ያኔ እናያቸዋለን" አልኩ። ጥያቄያቸው ደስ ስላሰኘኝም ግኝቴን ጨመርኩላቸው፤ አቧራ በበዛበት መንገድ ላይ የጋቢው አቧራ አንሶ እንደተገኘ።

አያ ጢማቸውን ያዙ። "አቧራ በበዛበት አቧራው አነሰ? ምነው?"

"እሱን ነው በሃያ ገጽ የጻፍኩት።"

"መንገዱን አሳስተኸው እንዳይሆን። የነጠፈች ላም ብዙ ታለበች ሲሉኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የማንን ላም እንዳለቡ ነው።"

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ኤሌክትሮኖች ባሕርይ ረዘም አድርጌ አስረዳኋቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

በዓመቱ አንዲት የማስተርስ ተማሪ እንዳማክር ተመደበችልኝ። መካነ ብርሃን ላይ ፊዚክስ የምታስተምር ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤቷ የለቀቃት ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ጽሑፏን አሳልፋ ካልተመለሰች ፈቃዱ አይታደስም፤ ያለ ዲግሪ ትመለሳለች፣ ሁለቱም ዓመት ባክኖ ይቀራል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

የሰጠኋት ሥራ የፕላዝማውን ሞገድ በኮምፒውተር አስልታ የኔ አራት ነጥቦች ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ማሳየት ነበር። በኅዳር ወረቀቷን ይዛ መጣች።

"መምህር፣ አልገጥም አለኝ። ከስስ ወደ ጥቅጥቅ ስሄድ የኔ መስመር ይወጣል። የርስዎ ነጥቦች ይወርዳሉ።"

"የስሌቱ እርምጃ ሰፍቶብሽ ነው። አሳንሺው።"

አሳነሰችው። ከገና በኋላ ተመልሳ "ያው ነው" አለችኝ። ሌላ የሚሞከር ነገር ሰጠኋት። በሦስተኛው ስትመጣ ወንበር ስስብላት አልተቀመጠችም።

"ጥሬ ፋይሎቹን እንደገና ብናያቸውስ? ያን ጊዜ የያዙትን ማስታወሻም ጭምር።"

በዚያ ቀን የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ብረሳው በወደድኩ። "ፋይሎቹን ፈታኞች አይተዋቸዋል። ኮምፒውተር የሰጡትን ነው የሚፈጨው። አሰጣጥሽን መርምሪ" አልኳት። ፈታኞቹ ያዩት ግራፉን እንጂ ፋይሎቹን አልነበረም። ይህን ስናገርም አውቀው ነበር። ማስታወሻውም ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ፣ እጄን ብዘረጋ በምደርስበት ቦታ ነበር።

እሺ ብላ ወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያመጣችው መስመር በአራቱም ነጥቦቼ ላይ ያልፍ ነበር። ስሌቷ መካከል አንድ አዲስ ማባዣ ቁጥር ገብቷል።

"ይህ ቁጥር ከየት መጣ?"

"ከርስዎ ነጥቦች።"

ቀልድ መሰለኝ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ግሩም" ብዬ ጻፍኩላት። በሰኔ አጋማሽ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት የዲፌንስ ቀን ተቆረጠላት።

አሁን ስለ አዘዞ መናገር አለብኝ። ሰፈሬ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ጎረቤቶቼ ትኬት በገዙ ቁጥር ወደኔ ይመጣሉ፤ ትኬት ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፍና እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር በዚህ መካከል አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ብዙ ነው። ስድስት መቀነስ ወይም መጨመር ነው፣ ከባድ ነገር የለውም። እኔ የሰፈሩ ሰዓት ቀያሪ ነበርኩ፤ ሥራውንም በደስታ ነበር የምሠራው። ለአንዳንዶቹ ሥዕል ሁሉ እየሣልኩ አስረዳቸው ነበር።

ዲፌንሱ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከላይኛው ፎቅ አንዲት ጎረቤቴ አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ የምትሄድበትን ትኬት ይዛ መጣች።

"ዶክተሬ፣ ይሄ በኛ ነው በፈረንጅ?"

"በፈረንጅ ነው፣ እትዬ። 16:20 ይላል። በኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ማለት ነው።"

"አሥር ከሃያ። እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ" አልኩና ትኬቱን ሳልመልስላት ቀረሁ። 10:20 የሚለውን ቁጥር አውቀዋለሁ። በማስታወሻዬ ላይ በገዛ እጄ "ጥቅጥቅ" ከሚለው ቃል አጠገብ ተጽፏል።

"ምነው፣ በደህናህ ነው?" አለችኝ።

"ሥራ ትዝ ብሎኝ ነው።"

ማስታወሻው ቢሮ ነበር። ሚኒባስ ይዤ ከተማ ወጣሁ። እሑድ ስለነበር ዘበኛው በሩን እስኪከፍትልኝ ቆምኩ። ገጹን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ በየቀኑ ባለ ቀለም ምልክት የለጠፍኩበት የተስተካከለ ደብተር ነው። በሌሎቹ ቀናት መዝገቡን የሚይዘው የቤተ ሙከራው ባለሙያ ነበር፤ የጻፈውንም እኔ እገለብጥ ነበር። በዚያ ቀን ግን ልጁ ታሞበት ቀረ፣ እኔ ብቻዬን ጻፍኩ። ብቻዬን ስለነበርኩ በአማርኛ ጻፍኩ። በአማርኛ ስለጻፍኩ ሰዓቱን ከልጅነቴ እንደማውቀው ቆጠርኩት። "4:20፣ ስስ። 4:40፣ ስስ። 10:20፣ ጥቅጥቅ። 10:40፣ ጥቅጥቅ።" ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚል የለውም። ሌዘሩ እስኪቀዘቅዝ እየተጠበቀ በየሃያ ደቂቃው ነበር የሚተኮሰው፣ ስለዚህ የጠዋቱና የከሰዓቱ ደቂቃዎች አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፋይሎቹን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሰየማቸው። ከወራት በኋላ አዘዞ ሆኜ ሳዛምድ "10:20" ከሚለው አጠገብ የጠዋቱን 10:20 ፋይል አስቀመጥኩ። "4:20" ከሚለው አጠገብ የከሰዓቱን 16:20። ስሱን ጥቅጥቅ አልኩት፣ ጥቅጥቁን ስስ።

እንዳይሆን እየተመኘሁ ሌላ ማስረጃ ፈለግሁ። ከምሳ በኋላ፣ ጥቅጥቁን ጋዝ ከመጀመሬ በፊት፣ ካሜራው ፊት ጥቁር ማጣሪያ እንደጨመርኩ በዚያው ገጽ ተጽፏል። ፋይሎቹን ከፈትኳቸው። የ16:20 ሥዕል ደብዘዝ ያለ ነው፤ እኔ ስስ ያልኩት እሱ ነበር።

ያን ምሽት ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አየሁ። ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ኔትዎርክ ከጠፋ አራት ቀኑ ነበር፤ ለቤተ ሙከራው ልጻፍ ብልም አልችልም፣ ይህንንም ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። የተማሪዬ መስመር በነጥቦቹ ላይ ያልፋል። ዓርብ ታቀርባለች፣ ታልፋለች፣ ወደ መካነ ብርሃን ትመለሳለች። ብናገር ግን ያቺ ማባዣ ቁጥር ትወድቃለች፣ ከሷ ጋር ጽሑፏ ይወድቃል፣ ሰኔም ያልቃል። የሷን ጉዳት እያሰብኩ ስለራሴ ነበር የምፈራው። ሁለቱን ለመለየት እስኪነጋ ፈጀብኝ።

ሰኞ ጠዋት ፒያሳ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት አገኘኋት። ጽሑፏን አሳትማ ለጥራዝ እያስተካከለች ነበር።

"ውጭ እናውራ" አልኳት።

"ገጹን ላስቆጥር፣ መምህር። ይሄ ልጅ ሦስተኛውን ምዕራፍ ገልብጦ አስገባብኝ።"

"እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው" አለ ባለ ማሽኑ።

"ማሽን የሰጡትን ነው" ብላ ጀመረችና ዓይኔን አይታ ተወችው።

ደብተሩን እዚያው ወረቀቶቿ ላይ ዘረጋሁት። ለማስረዳት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። አንዴ አነበበችው።

"ይሄ በኛ ነው።"

"አዎ።"

"ፋይሎቹ በፈረንጅ።"

"አዎ።"

የታተሙትን ገጾች ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ስታስተካክል ቆየች። ተስተካክለው ነበር፣ እሷ ግን አላቆመችም።

"ሦስት ጊዜ መጣሁ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ይህን ደብተር ጠየቅኩዎት። አሰጣጥሽን መርምሪ አሉኝ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼን ሰዓት ስትጽፉ ጠዋት ወይም ከሰዓት በሉ ብዬ ነው የምቆጣቸው።"

"የመጀመሪያውን ስሌትሽን አጥፍተሽዋል?" አልኳት።

"ለዘር የተቀመጠ አይበላም። ስሌቱ አለ።"

ቢሮ ሄደን ኮምፒውተሯን ከፈተች። የኅዳሩን መስመር አወጣች፣ ማባዣ የሌለበትን። አራቱን ነጥቦች ወደየቦታቸው መለስናቸው። አንዱም አልቀረ፣ መስመሩ በሁሉም ላይ አለፈ። ሥራው ያማረ ነበር። "ሸጋ" ልል ነበር፤ የማለት መብት እንደሌለኝ ገብቶኝ ዋጥኩት።

"ስለዚህ ትክክል ነበርኩ" አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ትክክሉን ይዤ መምህሬ ነው ብዬ ቁጥር ፈጠርኩ። የማስተምረው ልጅ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ነው የምሰጠው።"

"ያስፈጠርኩሽ እኔ ነኝ።"

"ይሁን። አሁንስ? ብቀይረው የርስዎ ይፈርሳል። ካልቀየርኩት ዓርብ ቆሜ እዋሻለሁ።"

"ቀይሪው።"

"በቃል ነው በጽሑፍ?"

"በጽሑፍ።"

እዚያው ቁጭ ብላ አስጻፈችኝ። ያማከርኳት እኔ የሰጠኋት መረጃ የተገላበጠ እንደነበር፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነ፣ ስሌቷ ከኅዳር ጀምሮ ትክክል እንደነበር። ረዘም አድርጌ ምክንያቱን ልጨምር ስል "ይበቃል" አለች። ፈረምኩ። ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በአራት ቀን ውስጥ አንድ ምዕራፍ አፍርሳ ልትሠራ ሄደች።

ዓርብ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በኛ ዘንድ አማካሪ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ተማሪው ሲፈተን ጎን ተቀምጦ ያያል። እሷ ጥርት አድርጋ አቀረበች። መጨረሻ ላይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህ ውጤት አማካሪሽ ካሳተሙት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ማንኛችሁን እንመን?"

ደብዳቤውን ታወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ቦርሳዋን አልነካችም። ወደኔም አልዞረችም፤ ዝም ብላ ቆመች። ዝምታው ለኔ የተተወ ቦታ እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ተነስቼ ፈቃድ ጠየቅኩ።

"እሷን እመኑ" አልኩ። "ማስታወሻዬን በኛ ሰዓት ጽፌ በፈረንጅ ሰዓት አነበብኩት። ስሱና ጥቅጥቁ ጋዝ ተገላበጡ። ሦስት ጊዜ ነግራኝ አልሰማሁም።"

ከኋላ አንዱ "በኛ ነው በፈረንጅ" አለ፣ ሰው ሳቀ። ፈታኙም ፈገግ አሉ። እሷ አልሳቀችም። በሳቁ መካከል ቆሜ መቀመጥ እንዳለብኝ ረሳሁ።

አለፈች። አንድ ምዕራፍ አስተካክላ እንድታስገባ ጥቂት ቀን ሰጧት፣ በሰኔ መጨረሻም ወደ መካነ ብርሃን ሄደች። ኔትዎርክ ሲመለስ ለቤተ ሙከራውና ዶክትሬቱን ለሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ ጻፍኩ። እስኪጣራ ድረስ ያን ገጽ እንዳልጠቅስ የሚል አጭር መልስ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። ማዕረጉ ይቀጥል አይቀጥል አላውቅም። የላይኛዋ ጎረቤቴ አሁንም ዶክተሬ ትለኛለች፤ ትኬት ሲያመጡልኝ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ማክሰኝት ገበያ ወረድኩ። አያ ከከብቶቹ ማዶ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ በወንድማማቾቹና በጋቢው።

"መንገዱን ነበራ ያሳሳትከው" አሉ።

"አዎ፣ አያ። እርስዎም ብለውኝ ነበር።"

"እኔ ለነገሩ ያህል ነው ያልኩት። ላም ነው የማውቀው።" ከዚያ "ልጅቱስ?" አሉ።

"አለፈች።"

"ይቅርታ ጠየቅሃት?"

ደብዳቤ ፈርሜላታለሁ። በሰው ፊት ስህተቱ የኔ ነው ብያለሁ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ለሷም፣ ለፈታኞቹም፣ ለቤተ ሙከራውም አስረድቻለሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል ግን በአንዱም ውስጥ አልነበረም።

አያ መልሴን አልጠበቁም፣ ገዢ መጥቶላቸው ተነሱ። እኔ ግንዱ ላይ ቀርቼ ስልኬን አወጣሁ። መካነ ብርሃን ኔትዎርክ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ በሦስተኛው ሙከራ ጠራ። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት ይዛ ነበር።

"መምህር? ክፍል ልገባ ነው፣ በአጭሩ።"

በአጭሩ ይቅርታ ጠየቅኋት። ምክንያት አልጨመርኩም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

"እሺ" አለች። "ሰማሁ።"

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋው ክፍል ገባች መሰለኝ፤ ልጆቹ ሲነሱ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ እሷም "ተቀመጡ" ስትል ሰማሁ።